እቴቴ ቤት ስንት ሰው አለ?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። የደረሳት እዚሁ ጎንደር ነው። አባቷ የመንገዱን ነገር እያሰቡ እፎይ ብለዋል። እናቷም «ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ አያታለሁ» እያሉ ፊታቸው በርቷል። ልጅቷ ግን ዓይኗ አብጧል። ስታለቅስ እንዳደረች ያስታውቃል።

ቶናው ሲቀዳ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎም እዚሁ ነው አይደል የተማሩት? ከተወለዱበት ሳይወጡ መማር ምን ይጠቅማል? እኔ እኮ ይህን ከተማ ሁሉንም አውቀዋለሁ» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ትወጂዋለሽ» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ሁሉንም አውቀዋለሁ» ያለችው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ይህን ቃል እኔም በሃያ ዓመቴ ለአስተማሪዬ ተናግሬዋለሁ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ እቤታቸው ደጃፍ ለተመደባችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። በርትታችሁ አጥኑ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ራቁ የሚለውን ወላጆቻችሁ ይንገሯችሁ። እኔ አልደግመውም።

ሙያዬ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ፣ ነው። አሁን ስሙ ኢንቫይሮመንታል ሄልዝ ሆኗል። የተማርኩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ኮሌጁ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ለምን ጎንደር ላይ እንደተከፈተ ስጠይቃችሁ ብዙዎቻችሁ ዝም ትላላችሁ። በበሩ በየቀኑ ታልፋላችሁ፤ ታሪኩን ግን አታውቁትም። ነገሩ ወባ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ ላይ፣ ቆላ ድባ አካባቢ፣ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ያኔ በአገራችን ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የእኛ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛውን እዚህ አቋቋመ። ሐኪም እስኪገኝ ሰው መሞት የለበትም ተብሎ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማውጣት ተጀመረ፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱም አብረው ገጠር ወጥተው አንድ ጤና ጣቢያ ላይ በቡድን ይለማመዳሉ። የሕክምና ትምህርቱ በኋላ ነው የመጣው፤ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1970ዎቹ መጀመሪያ። ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ነው።

ይህን የምነግራችሁ ታሪክ ለማስጠናት አይደለም። ከሰው ቤት የተጀመረ ትምህርት ስለሆነ የሚማሩትም እሰው ቤት ገብተው እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። እኛም ቤት ለቤት ጥናት ነበረን። የእኔ ጥፋት የተሠራው እዚያ ላይ ነው።

ግንቦት ነበር። ለእያንዳንዳችን 40 ቤት ተሰጠን፤ ጊዜው 3 ቀን። ቅጹ ላይ የቤተሰብ ብዛት፣ ሽንት ቤት አለ ወይም የለም፣ ስንት ሰው ይጠቀማል፣ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ ቆሻሻ የት ይጣላል የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። ከሩቅ የመጡት ጓደኞቼ መንገዱን እንኳ አያውቁትም። እኔ ለምኜ የራሴን ሰፈር፣ ከቀሃ ወንዝ በላይ ያለውን፣ አስደረግሁ። አስተማሪያችን «ለምን?» ሲለኝ፣ «ሁሉንም አውቀዋለሁ» አልኩት።

በመጀመሪያው ቀን 18 ቤት አዳረስኩ። በየቤቱ ቡና ጠጣ፣ ቁርስ ቅመስ፣ እናትህ እንዴት ናት፣ አያልቅም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ኳስ ነበረን። ስለዚህ ጠዋት እናቴ መደብ ላይ ተቀመጥኩና የቀሩትን 22 ቅጾች ከጭንቅላቴ ሞላኋቸው። ማን ስንት ልጅ እንዳለው አውቃለሁ። የማን ሽንት ቤት የት ጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ ሆነን ድብብቆሽ ስንጫወት የማንም ሽንት ቤት አልቀረንም። ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም። ጽሑፌ ያምር ነበር፤ አሁንም ያምራል።

አስተማሪያችን ደርባባ ሰው ነበር። ከኪሱ የማትጠፋ የእጅ ባትሪ አለችው። ጉድጓድ አይቶ ያላበራበት የለም። በአራተኛው ቀን ከቅጾቼ መሀል አራት መዘዘና «ና፣ ምራኝ» አለኝ። ሦስቱ ደህና ሆኑ። ልቤ መለስ አለ። አራተኛው የእቴቴ ቤት ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ነው የሚላቸው። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ብዛት 5፣ ሽንት ቤት አለ፣ ተጠቃሚ 5» ብዬ ጽፌያለሁ። ያንን ጉድጓድ ሲቆፈር አስታውሳለሁ። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ባለቤታቸው አንድ በጋ ሙሉ በዲጂኖ ሲታገሉት ነበር የከረሙት። የቆርቆሮ በሩ ያኔም ከሩቅ ይታይ ነበር።

እቴቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አስተማሪዬ ሰላምታ ሰጥቶ ቅጹን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። «እማማ፣ የቤተሰብ ብዛት አምስት ይላል። ልክ ነው?»

እቴቴ ወደ እኔ አዩ። «አምስት አልከኝ ልጄ? እሰይ፣ ከአፍህ ይቀበለው» አሉ።

ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። አንዱ ሱዳን ተሻግሯል። ሴቷ አግብታ ሁመራ ሄዳለች። ሁሉንም ሰምቼ ነበር እኮ። የባልየው ለቅሶ ላይ ተቀምጫለሁ። መደብ ላይ ሆኜ ስጽፍ ግን በልጅነቴ የማውቀውን ቤት ነው የጻፍኩት። አምስት ሰው የሚተራመስበትን፣ የሽሮ ሽታ ያለበትን ቤት።

የቆርቆሮውን በር ሲከፍቱት ውስጡ እንጨት ተከምሯል። ወለሉን የያዘው ግንድ በስብሶ ከሁለት ክረምት በፊት ተደርምሷል። አስተማሪዬ ባትሪውን አበራ፣ አየ፣ አጠፋ። «ታዲያ የት ነው የሚወጡት?» አላቸው። ጎንበስ ብለው፣ ሳይነጋ ወደ ወንዙ እንደሚወርዱ ነገሩት። አንድ ቀን በጨለማ አዳልጧቸው ወድቀዋል። የግራ እጃቸው ጠሞ ነው የገጠመው። ሰላም ሲሉን በቀኛቸው ብቻ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አስተማሪዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ላይ 40 ባዶ ቅጽ ሰጠኝና «ከአንድ ጀምር» ብቻ አለኝ። ጀመርኩ። ከ22ቱ ውስጥ 9ኙ ስህተት ሆነው ተገኙ።

ጸጸቴ ግን እሱ አይደለም። ለስህተቱ ቅጣቴን ከፍያለሁ። ጸጸቴ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ከሐረርጌ የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። ብርዳችን ስለማይስማማው ብርድ ልብስ ደርቦ ክፍል የሚገባ ልጅ። ስለ ጎንደር ጥምቀትና ስለ ፋሲል ግንብ ሲጠይቀኝ ይውል ነበር፤ እኔ ደግሞ ይሰለቸኛል። የእቴቴን ነገር ሲሰማ «ቤታቸው የት ነው?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። አብሬው አልሄድኩም። ሁለት ልጆች ጨምሮ ዲጂኖና አካፋ ተበደረና ቅዳሜ ቅዳሜ መቆፈር ጀመረ። ጉድጓዱ ከጎረቤት የውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ ብለን ክፍል የተማርነውን በገመድ ለክተው ነው ቦታውን የመረጡት። ሁለት ሜትር ሲደርሱ አለቱ አላሳልፍ አላቸው። እዚያው ላይ ዘጉትና ቤቱን ሠሩላቸው።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ቤት ምሳ እበላለሁ። የዲጂኖው ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እናቴ እንጀራውን እየዘረጋች «ምንድን ነው የሚመታው?» ትላለች። «እንጃ» እላለሁ። ወደ ግቢ ስመለስም በእቴቴ በር አላልፍም፤ በታች በኩል እዞራለሁ። እስክመረቅ ድረስ በታች በኩል ነው የዞርኩት። ሰውነቴ ያረጀ ቢሆንም ያ ድምፅ አላረጀም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት እዚያው ከተማ መማር በሥራዬ ላይ ምን እንዳደረገ ልነግራችሁ ነው። ስመረቅ የደረሰኝ ኢሉባቦር ነበር። ማንንም አላውቅም። ስለማላውቅ ሁሉን እጠይቃለሁ። ውኃው ከየት ነው፣ ክረምት ላይስ፣ ሌሊትስ፣ የታመመ ሰው ሲኖርስ። ጎበዝ ሠራተኛ ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱን ሳስብ ለዚያች ልጅ «ውጪ፣ ራቅ ብለሽ ተማሪ» ማለት ይቃጣኛል። ከእናት ጓዳ ያልወጣ ሰው ዓይኑ በሰፈሩ ላይ ይደነዝዛል። አሁን ያላችሁት ደግሞ ከእኛ ትብሳላችሁ። ጥናት ተብሎ ታብሌት ይሰጣችኋል፣ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ትሞሉታላችሁ። አይቻለሁ። እኔ መደብ ላይ የሠራሁትን እናንተ በማኪያቶ ትሠሩታላችሁ።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ዓመት ቆይቼ ወደ አገሬ ተዛወርኩ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ከአሠልጣኞቹ አንዱ ነበርኩ። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ልጆቹ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው ከሚሠሩበት አካባቢ የተመረጡ ሴቶች ነበሩ። ያኔ አንድ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር፤ 16 የጤና ፓኬጆች ይማሩ ነበር፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው ይመደቡ ነበር። እኔ ለልምምድ ሲወጡ አንድ ነገር አዝዛቸው ነበር። መጀመሪያ የእናታችሁን ቤት ሙሉልኝ እላለሁ፤ ግን የምታውቁትን ሳይሆን ጠይቃችሁ።

ይስቃሉ። «እናቴን ምን ብዬ ልጠይቃት?» ይላሉ።

አንዷን አልረሳትም። የቤታቸውን ሽንት ቤት እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ክዳን አለው፣ በሩ ላይ የእጅ ውኃ በጀሪካን ተሰቅሏል። እናትየውን «ትጠቀማላችሁ?» ብያቸው «አዎ ጌታዬ፣ ሁላችንም» ብለውኛል። ልጅቷ ቅጹን ይዛ መጣች። «እናት ሌሊት አትጠቀምም» ይላል። ለምን ብትላት፣ ጅብ እፈራለሁ አለቻት። ጉድጓዱ ከቤቱ ራቅ ብሎ ጫካ ጥግ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እዚያ የሚደርስ የቤት ሰው የለም። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ቤት ስትኖር ይህን አታውቅም ነበር፤ እሷ በሌሊት የምትወጣው ከእናቷ ጋር ደጅ ነው፣ ለምን ብላ አታውቅም።

እናትየው ይህን ለእኔ አልነገሩኝም። «ጌታዬ» የሚሉት ሰው ነኝ። ለእንግዳ ደግ ደጉ ነው የሚወራው። ለልጅ ግን ጅቡም ይነገራል፣ ጠይቃ ከተቀመጠች። ስለዚህ የሐረርጌው ጓደኛዬ ከእኔ ይሻል ነበር ባልኩበት አፌ፣ ከዚያች ልጅ ደግሞ እኔም እሱም አንደርስም እላለሁ። ሁለቱንም አምንበታለሁ። የሚጋጭ ከሆነ ይጋጭ።

እናንተ ከእኛ የምትሻሉበትም አለ። ያቺ የጎረቤቴ ልጅ አባቷ ተቀምጠው፣ ቡና ላይ፣ ሽማግሌ ፊት «ምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀች። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ብተነፍስ ጥፊ ነበር የሚጠብቀኝ። ጥያቄው አለሽ፣ የኔ ልጅ። እሱን እሰፈርሽ ይዘሽ ውረጂ።

እቴቴን በሕይወት አላገኘኋቸውም። ተዛውሬ ስመለስ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን ፎቅ ነው፤ ታች ሞባይል ይጠገንበታል። ለታናሽ እህቴ የዲጂኖውን ነገር ያጫወትኳት ያኔ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና ከቁምሳጥኑ አንድ የፌስታል ጥቅል አወጣች። ውስጡ ደብዳቤ ነው። ያ የሐረርጌ ልጅ ከተመረቀ በኋላ በየዓመቱ ለጥምቀት ለእቴቴ ይጽፍላቸው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ለእህቴ ያመጡታል፤ መልሱንም የምትጽፍላቸው እሷ ነበረች። ሰባት ደብዳቤ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ስለ እጃቸው ይጠይቃል።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተ ስለ እቴቴ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች።

ደብዳቤዎቹ እኔ ጋ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ቡናው እኛ ቤት ነው። ግቢ ከመግባትሽ በፊት ላሳይሽ እፈልጋለሁ። ስትመጪ በላይ በኩል ባለው መንገድ ነይ።