በትእዛዝ ስለሚሠራ የግራፋይት ቤዝ አንገት፦ ጥያቄና መልስ

ለቤዝ ጊታር የሚሆን የግራፋይት አንገት በትእዛዝ እየሠራሁ መሸጥ ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል። ስለ አሠራሩና ስለ ሽያጩ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሻውን ግን ሳልቆጥብ ለመመለስ ሞክሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ግራፋይት ሲባል የእርሳሱ ግራፋይት ነው ወይስ ካርቦን ፋይበር?

መልስ፦ ካርቦን ፋይበር ነው፤ ከፀጉር የቀጠኑ የካርቦን ቃጫዎች በኢፖክሲ ሬዚን (ሲጋገር በሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ) ተያይዘው የጠነከሩበት ቁስ ማለት ነው። ግራፋይት የሚለው አጠራር ቁሱ በአውሮፕላንና በሳተላይት ሥራ ላይ ይውል ከነበረበት ዘመን የተወረሰ ሲሆን፣ በመሣሪያ ሠሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ቀርቷል። ሐሳቡን ካመጡት ሰዎች አንዱ የሆነው ጄፍ ጉልድ ራሱ የኅዋ ሥራ መሐንዲስ ነበር፤ አሌምቢክ ከተባለው የጊታርና የቤዝ ኩባንያ ሠሪዎች፣ በተለይም ከሪክ ተርነር ጋር ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ሞዱለስ ግራፋይት የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ኔድ ስታይንበርገር ራስ የሌለውን ቤዝ ከዚሁ ቁስ ሠርቶ ብቅ አለ፤ በእንግሊዝ ስቴተስ፣ በአሜሪካ ዞን የተባሉት ሠሪዎች በዚያው መንገድ ቀጠሉ።

ጥያቄ፦ የእንጨት አንገት ለዚህ ሁሉ ዘመን ሲያገለግል ኖሮ ግራፋይት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ባለ አራት ክር ቤዝ በተለመደው ቅኝት ሲወጠር፣ ክሮቹ በድምሩ ከ70 እስከ 85 ኪሎ ግራም ክብደት በሚያህል ኃይል አንገቱን ይስቡታል፤ ይህም ኃይል መሣሪያው ተሰቅሎ ባለበት ሰዓት እንኳ አያርፍም። የሜፕል እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ያለው የግትርነት ልኬት 12 ጊጋ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ቃጫው በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ የካርቦን ውሁድ ግን 130 ጊጋ ፓስካል ገደማ ይደርሳል። በዚያ ላይ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ወቅት በተለወጠ ቁጥር አንገቱም አብሮ ይለወጣል። የካርቦኑ አንገት ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው ማለት ይቻላል፤ ዛሬ የተስተካከለው የክር ከፍታ ከስድስት ወር በኋላም በዚያው ልክ ይገኛል።

ነገር ግን ይኸው የማይንቀሳቀስ ጠባዩ ለሠሪው ከባድ ኃላፊነት ነው። የእንጨት አንገት ትንሽ ቢጣመም በሙቀት ይቃናል፣ ይላጋል፣ ይፋቃል። በካርቦን ግን ሬዚኑ ከጠነከረ በኋላ ማረም የሚባል ነገር የለም፤ ስህተቱ ካለ ለዘለዓለም ያው ነው። ከዚህ በታች የምሰጣቸው መልሶች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመነጩት ከዚህ አንድ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አሠራሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቢያብራሩልን?

መልስ፦ መጀመሪያ የአንገቱን የጀርባ ቅርጽ የያዘ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ያስፈልጋል። የእኔ ሞልድ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ነው፤ ሙቀቱን በእኩል ያዳርሳል። ነገር ግን አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚረዝም፣ ካርቦን ግን በቃጫው አቅጣጫ ምንም የማይረዝም ስለሆነ፣ በመጋገር ጊዜ የሚፈጠረውን ልዩነት አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ሞልዱ በማላቀቂያ ሰም ደጋግሞ ይታሻል፤ አንዲት የተዘለለች ቦታ አንገቱን ከሞልዱ ጋር ለማጣበቅ ትበቃለች።

ቀጥሎ ሬዚን አስቀድሞ የጠጣው የካርቦን ጨርቅ ይደረደራል። ይህ ጨርቅ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ሲወጣም ከነመጠቅለያው እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ አለበለዚያ በላዩ ላይ የሚቋጠረው ጤዛ ሬዚኑን ያበላሸዋል። ከአንገቱ ርዝመት ጋር ትይዩ የሚሆኑት ድርብርቦች የክሩን መሳብ ይቋቋማሉ፤ በ45 ዲግሪ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዘሙት ደግሞ መጠማዘዝን ይከለክላሉ። መሐሉ እንዲቀል በፎም ይሞላል፤ ወይም በውስጡ ፊኛ ገብቶ በአየር ግፊት ጨርቁን ወደ ሞልዱ ግድግዳ ይገፋዋል። እኔ የምጠቀምበት ሬዚን በ120 ዲግሪ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ መቸኮል አይገባም፤ ሞልዱ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ አይከፈትም።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ብናገር ይጠቅማል። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ባለ አምስት ክር አንገት ከሞልድ አውጥቼ በጠፍጣፋ ግራናይት ላይ ሳስቀምጠው በአንዱ ማዕዘን ተነሣ። ከሥሩ የክፍተት መለኪያ ቅጠል እያስገባሁ ስለካው 1.2 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ከእግሩ እስከ ራሱ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ በመጋዝ ቆርጬ ድርብርቦቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ወደ ቀኝ የሚያዘሙት ሦስት፣ ወደ ግራ የሚያዘሙት ሁለት ነበሩ። አንዷ ስለጎደለች የቀሩት በሚቀዘቅዙበት ጊዜ ሚዛን አጥተው አንገቱን ወደ አንድ ወገን ጎትተውታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ጽፌበት፣ ሲገባ ከዝርዝሩ ላይ እሰርዘዋለሁ። ዘወትር የማደርገው ነው፤ ሠልጥኛለሁ ብዬ አልዘለልኩትም።

ጥያቄ፦ በአንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ (የአንገቱን ጉብጠት የሚያስተካክል ብረት) ያስፈልጋል? የግራፋይት አንገት ስለማይታጠፍ አያስፈልገውም ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ የሞዱለስና የስታይንበርገር አንገቶች ማስተካከያ ብረት አልነበራቸውም። አንገቱ እንዳለ ይቆያል የሚለው እምነት ትክክል ነው፤ ችግሩ ግን ተጫዋቹ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ክር ሲወጠር አንገቱ በመሐሉ በጥቂቱ እንዲጎብጥ ይፈለጋል፤ በሰባተኛው ፍሬት (በጣት ሰሌዳው ላይ አግድም ከተገጠሙት ቀጫጭን ብረቶች በሰባተኛው) አካባቢ ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ለብዙ ሰው ይስማማል። ያንን ጉብጠት በሞልዱ ውስጥ ቀርጾ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ደንበኛው ነገ ቀጭን ክር ቢያስር ወይም ቅኝቱን ቢያወርድ ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ እኔ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ትረስ ሮድ ሳልቀብር አንገት አልሸጥም፤ ክብደት ይጨምራል የሚለውን ተቃውሞ ብሰማም ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ጥያቄ፦ በእንጨት ቤዝ ላይ አንዳንድ ኖታ ቶሎ ይጠፋል። ግራፋይት ይህን ሙሉ በሙሉ ያስወግዳል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ያስወግዳል ብዬ ቃል አልገባም። ድምፅ የሚሞትበት ቦታ የሚፈጠረው፣ አንገቱ ራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ከኖታው ድግግሞሽ ጋር ሲገጥምና አንገቱ የክሩን ጉልበት ሲወስድበት ነው። በእንጨት ቤዝ ላይ ብዙ ጊዜ በቀጭኑ የጂ ክር ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት፣ ማለትም ከ131 እስከ 147 ኸርዝ ባለው ስፍራ ይሰማል። የካርቦን አንገት ግትር ስለሆነ የራሱ ድግግሞሽ ከፍ ይላል፤ በመሆኑም ችግሩ ይቀንሳል ወይም ተጫዋቹ ብዙም ወደማይቆይበት ስፍራ ይሸሻል። የመቃኛዎቹ ክብደትና የገላው አሠራርም ድርሻ አላቸው።

ስለ ድምፁ ጠቅላላ ጠባይ የሚጠይቁም አሉ። ኖታው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ከኖታ ወደ ኖታ ያለው ጉልበትም ተቀራራቢ ነው። ይህን ቀዝቃዛ ነው ብለው የማይወዱት ተጫዋቾች አሉ፤ ጆሯቸው ልክ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ከመሸጤ በፊት የተገጠመ መሣሪያ እንዲሞክር አጥብቄ እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ የአንገቱ ጀርባ ወፍራም ከመሰለኝ በብርጭቆ ወረቀት ማቅጠን እችላለሁ?

መልስ፦ አይቻልም። የላይኛውን ድርብርብ በፋቁ ቁጥር ጥንካሬውን የሚሰጠውን ቃጫ እየቆረጡ ነው።

ጥያቄ፦ ከማዘዜ በፊት የትኞቹን ልኬቶች ልላክልዎ? ቤዜ የተለመደው ባለ አራት ክር ነው።

መልስ፦ ተለምዷዊ የሚባለውን አልቀበልም፤ የተለካውን ብቻ እቀበላለሁ። የፌንደር ዓይነት ቤዝ የአንገት መግቢያ ስፋቱ 63.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ቢባልም፣ ቀለም የበዛበት ገላ 63 እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አጋጥሞኛል። እንጨት ቢሆን ጎኑን ፋቅ ማድረግ በበቃ፤ ካርቦኑ ግን ከላይ እንዳልኩት ነው። ስለዚህ የመግቢያውን ስፋት ከአፉና ከመጨረሻው፣ ጥልቀቱን በአራቱም ማዕዘን፣ የብሎኖቹን ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል፣ በካሊፐር ለክተው ይላኩልኝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የክሩ ርዝመት ነው፤ ይኸውም ከክሩ መነሻ እስከ ብሪጁ፣ ክሮቹ በገላው ላይ እስከሚያርፉበት ክፍል ድረስ ያለው ነው። በ863.6 ሚሊ ሜትር ወይም በ34 ኢንች ርዝመት፣ የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ መነሻ 48.47 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ የቀሩትም በዚያው ስሌት ይከተላሉ። የአንገቱ እግር በመግቢያው ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ቢቀር ወይም ቢያልፍ፣ ብሪጁ ያን ያህል ተንሸራትቶ ማካካስ አለበት፤ ማካካስ ካልቻለ ቅኝቱ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይዛባል። እርግጠኛ ያልሆነ ደንበኛ የመግቢያውን ቅርጽ በወፍራም ካርቶን ቆርጦ ቢልክልኝ ደስ ይለኛል። ካርቶኑን በማሳያ ገላ ላይ ሳስቀምጠው ቁጥር የማይነግረኝን ነገር ይነግረኛል።

ጥያቄ፦ በትእዛዝ የሚሠራ ከሆነ ሁሉን ነገር መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ የጀርባው ቅርጽ የሚወሰነው በሞልዱ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ አዲስ ሞልድ ማስቀረጽ የአንገቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ከሞልዱ በላይ ያለው ግን በእጅዎ ነው፤ የጣት ሰሌዳው ቁስና ጉብጠት፣ የክሩ መነሻ ስፋት፣ የፍሬቱ ዓይነት፣ ፍሬት የሌለው መሆኑ፣ ምልክቶቹ። ሁሉን እችላለሁ ብሎ ትእዛዝ ከሚቀበል ሠሪ ይልቅ፣ የማይችለውን አስቀድሞ የሚናገር ሠሪ ይሻላል።

ስለ አንገቱ ራስ፣ መቃኛዎቹ ስለሚገጠሙበት ጫፍ ቅርጽ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የታወቁ ኩባንያዎች የመሣሪያቸውን ራስ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት አስመዝግበዋል፤ ያለ ፈቃድ ያንን ቅርጽ ቀርጾ መሸጥ ክስ ያስከትላል። እኔ የራሴን ቅርጽ እጠቀማለሁ።

ጥያቄ፦ ለጣት ሰሌዳው ሮዝውድ ይሻላል ወይስ ሰው ሠራሹ?

መልስ፦ ለካርቦን አንገት የምመርጠው ፌኖሊክ የተባለውን ሰው ሠራሽ ሰሌዳ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ እርጥበት ብዙም አይነካውም፣ ከአንገቱ ጋር አብሮ ይቆማል። የእንጨት ሰሌዳ ወደ ጎን ሲኮማተር የፍሬቱ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል። ወደ ሌላ አገር ለሚልክም ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የሮዝውድ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር የገቡ ሲሆን፣ ከኅዳር 2019 ወዲህ የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ክፍሎቻቸው ከግዴታው ነፃ ሆነዋል። የብራዚል ሮዝውድ ግን ከዚህ ነፃነት ውጭ ነው፤ እሱን ፈጽሞ አልጠቀምም።

ጥያቄ፦ ቤዜን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ብተወው አንገቱ ይጎዳል?

መልስ፦ እንደ አጋገሩ ይወሰናል። ሬዚኑ በክፍል ሙቀት ብቻ እንዲጠነክር ከተተወ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ሊጀምር ይችላል፤ የተዘጋ መኪና ደግሞ በፀሐይ ወደዚያ ይጠጋል። ስለዚህ ከማንኛውም ሠሪ ሲገዙ ሬዚኑ በስንት ዲግሪ እንደተጋገረ ይጠይቁ። የሚያመነታ ከሆነ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ዋጋና የጊዜ ቀጠሮ እንዴት ይወስናሉ? ቀብድ ይቀበላሉ?

መልስ፦ ግማሹን በቀብድ እቀበላለሁ፤ ይህም በጽሑፍ ውል ነው። ልኬቶቹ በሙሉ በውሉ ላይ ይሰፍራሉ፤ ደንበኛውም ይፈርምባቸዋል። ዋጋውን ስተምን ቁሱን፣ የሥራ ሰዓቱንና የሞልዱን ድርሻ አስላለሁ፤ የሚወድቁትንም አንገቶች እጨምራለሁ፤ ጀማሪ ሠሪ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው። በቀጠሮ በኩል ሁልጊዜ ከማስበው በላይ ሰፊ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም አንድ አንገት ውድቅ ቢሆን ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ጥድፊያ ከገባ ሁለተኛውም ይበላሻል። የመጠማዘዝ ጉድለት ካለ ያለ ክርክር እተካለሁ፤ ደንበኛው ራሱ ስለበሳው አንገት ግን ዋስትና አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ሥራው ለጤና አደገኛ ነው?

መልስ፦ ጥንቃቄ ካልታከለበት አዎ። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን እየደጋገመ ሲነካ አለርጂ ያስከትላል፤ አንዴ ከጀመረም አይለቅም፤ ስለዚህ ያለ ጓንት አይነካም። የካርቦኑ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍም መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል። በውኃ እያራሱ መፈግፈግና ጥሩ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራውን መጀመር ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ምን ይሁን?

መልስ፦ በቅድሚያ ቢያንስ ሁለት የእንጨት አንገቶችን ከነፍሬታቸው ሠርተው ይጨርሱ፤ የፍሬት ሥራ በካርቦንም ያው ነውና። ከዚያ ሞልድ ከመሥራትዎ በፊት 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ዘንግ በተለያየ የድርብርብ አቀማመጥ ይጋግሩ። ዘንጉን በሁለት ድጋፎች ላይ አስቀምጠው መሐሉ ላይ ክብደት ይስቀሉ፤ ምን ያህል እንደጎበጠ ይለኩ፤ ክብደቱን አንሥተው ወደ ነበረበት መመለሱን ይመልከቱ። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጡትም አራቱም ማዕዘን እኩል ማረፍ አለበት። ሦስት ዘንጎች በተከታታይ ሳይጠማዘዙ ሲወጡልዎ ሞልዱን ያስቀርጹ።