«ይዳከማል» ወይስ «ይዛባል»?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ጠፈርተኞች ጠፈር ላይ ሲቆዩ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ይዳከማል ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ ሰርዛ ‹ይዛባል› አለችው። ማናችን ነን ልክ?»

እሷ ናት። ይቅርታዎን፣ ግን ይቺ «ተዳከመ» የምትባል ቃል የትም እየተወተፈች ሰልችታኛለች።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1983 ስፔስላብ በተባለው የጠፈር ቤተ ሙከራ ላይ ከሰው ደም የተወሰዱ ሊምፎሳይቶች (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት) እንዲነቁ ቢቀሰቀሱ፣ ምድር ላይ ከቀሩት ጓደኞቻቸው አንጻር እምብዛም አልነቁም። ይሄ ድካም ነው፣ እሺ። በመንኮራኩር ከበረሩ 89 ጠፈርተኞችም የ47ቱ ምራቅ ወይም ሽንት ውስጥ፣ ምችንና አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው የሄርፐስ ቫይረስ ቤተሰብ ተገኝቷል። ለዓመታት ተኝቶ የከረመ ቫይረስ ነው የነቃው፤ አብዛኞቹን ግን አላመማቸውም። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ስኮት ኬሊ ጠፈር ላይ 340 ቀን ሲቆይ እዚያው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዶ፣ ሰውነቱ ምድር ላይ እንደሚሰጠው ያለ ምላሽ ሰጥቷል። ሽፍታና አለርጂ መሰል ነገር የሚያስቸግራቸውም አሉ፤ ያ ደግሞ መከላከያው ያለ ቦታው ሲቆጣ ነው። አንዱ ክፍል ያንቀላፋል፣ አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ በከንቱ ይደነፋል። ይሄ ታዲያ ድካም ነው?

«ተዛባ»ን እኔ ከ«ዘባ» ጋር አያይዘዋለሁ፤ ጎበጠ፣ ጠመመ ማለት ነው። «ዘ» ወደ ራብዕ ስትሳብ እርስ በርስ አለመግጠም ይመጣል። «ተከላከለ»ን እዩት። ሥሩ የግእዙ «ከልአ» ነው፣ ከለከለ ማለት። «ተከለከለ» ስንል ተገብሮ ነው፤ «ለ»ን «ላ» ስናደርጋት ግን ሁለት ወገን ይቆማል፣ ሰውነትና ጀርም። ስለዚህ «የመከላከል አቅም ተዛባ» ሲባል ሁለቱ ቃላት አንድ ቤት ናቸው።

«ተዳከመም እኮ ‹ዳ›ዋ ራብዕ ናት» የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ። እዚያ ግን እርስ በርስ የሚባል ነገር የለም፣ ቀስ እያለ መድከም ብቻ ነው፤ ክርክሬን ትንሽ እንደሚያላላው አልክድም፣ ቢሆንም ጆሮዬ አይቀበላትም። «መዛባት ለሚዛንና ለወሬ ነው እንጂ ለሰውነት አይሆንም» የሚሉም አሉ። «የሆርሞን መዛባት» ሲባል የት ነበሩ?

ሐኪሙም ጋዜጠኛውም «ይዳከማል» ይላል። በዚህ ብዛት የሚነገርን ቃል ስሕተት ማለት አልችልም፣ ሳልወድ። የሚጽፉት ስለ ሊምፎሳይቶቹ ብቻ ከሆነ እንዲያውም «ይዳከማሉ» ትክክል ነው። ስለ ጠቅላላው ከሆነ ግን የባልደረባዎን እርማት እንዳለ ይተዉት። ብቻ «ኢሚዩኒቲያቸው ወረደ» ብለው ከጻፉ እኔም እሷም አናውቅዎትም።