የልጆች የጌም አካውንት ሲከፈት ምን እንጻፍ፣ ምን እንተው? የወላጆች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ በደሴ ከተማ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከማስተማር በተረፈኝ ጊዜ የተነጠቁና የተዘጉ የልጆች አካውንቶችን በማስመለስ ወላጆችን አግዛለሁ። ዛሬ የምመልሰው ስለ አካውንት አከፋፈት ብቻ ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ሆጤ)፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የተወለደው ሐምሌ 2008 ስለሆነ ቅጹ ላይ ይህንኑ ሞላን፤ አልዋሸንም። ይሁን እንጂ የማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች መልእክት ይልኩለታል። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ለመዋሸት አላሰባችሁም፤ የተጻፈው ግን እውነት አይደለም። ቅጹ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ዘመን ብቻ ነው፤ የልጅዎ የልደት ዓመትም በዚያ አቆጣጠር 2016 ነው። እናንተ 2008 ስትሞሉ የ9 ዓመቱ ልጅ በአንድ ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት ሆኖ ተመዘገበ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ልጅ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ 8 ይደመራል፤ ቀኑና ወሩም አብረው መለወጥ አለባቸው። ወደ እኔ ከሚመጡት አካውንቶች የበዙት የተበላሹት ታስቦበት በተጻፈ ውሸት ሳይሆን በዚህ ስሕተት ነው።

ይህ ቁጥር ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ላስረዳ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችውና በ2000 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ የግል መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት የወላጁን ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ፎርትናይት የተባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2022 የ275 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል የተስማማው፣ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል፣ ልጆች ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅና በጽሑፍ የሚነጋገሩበትንም መንገድ ከመጀመሪያው ክፍት አድርጎ ትቷል ተብሎ በዚህ ሕግ ስለተከሰሰ ነው። ሮብሎክስ የተባለው ጌምም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከጨዋታው ውጭ የግል መልእክት እንዳይለዋወጡ ገድቧል፤ ወላጅም የራሱን አካውንት ከልጁ ጋር አያይዞ እንዲቆጣጠር አድርጓል። ይህ ሁሉ ጥበቃ በአብዛኛው የሚነሣው ግን እናንተ ከምትሞሉት የልደት ቀን ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ጥበቃው ልጁን አያውቀውም።

ጥያቄ (አባት፣ ኮምቦልቻ)፦ ለጌም የትኛው ስልክ ይሻላል?

መልስ፦ ይህ የስልክ ሻጭ ጥያቄ ነው። አልፌዋለሁ።

ጥያቄ (እናት፣ ሰኞ ገበያ)፦ የልጄን ጂሜይል የከፈቱልን ስልኩን የገዛንበት ሞባይል ቤት ናቸው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ እኔም የቀመስሁት ችግር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእኅቴ ልጅ ስልክ ስንገዛ የሱቁ ልጅ ጂሜይሉን በሁለት ደቂቃ ከፈተልንና ፓስወርዱን በካርቶኑ ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ሰጠን። አመስግነን ወጣን። ከወራት በኋላ ስልኩ ተበላሽቶ በሌላ ስልክ ልንገባ ስንሞክር ግን የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደማናውቀው ስልክ ሆኖ ተገኘ። አካውንቱ የተመዘገበው በሱቁ ልጅ ቁጥር ነበር፤ የልደት ዓመቱም በግምት የተጻፈ እንጂ የልጅቱ አልነበረም። ልጁ በክፋት አላደረገውም፤ ሥራው እንዲፈጥንለት ብሎ ነው። ነገር ግን የልጅቱ ፎቶዎችና የጌም አካውንቷ በሙሉ በማናውቀው ሰው እጅ ሲያድሩ ኖረዋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የአካውንቱን ቅንብር ከፍተው የማስመለሻ ስልኩና ኢሜይሉ የማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ የሌላ ሰው ከሆነ በራስዎ ይተኩት፤ ከዚያም ፓስወርዱን ይለውጡ። የልደት ዓመቱንም ያረጋግጡ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። እውነተኛው ዕድሜ ከ13 በታች ሆኖ ከተገኘ ጉግል የወላጅ ቁጥጥር ይጠይቃል፤ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው እሱ ነው። ካልተሟላ አካውንቱ ሊዘጋ ስለሚችል ፎቶዎቹን አስቀድመው ያውጡ።

ጥያቄ (አባት፣ ሸዋ በር)፦ ልጄ በጌሙ ላይ የገዛ ስሙን ይጻፍ ወይስ ሌላ ስም? የሐሰት ስም እንዲጽፍ ከፈቀድሁለት ነገ እኔን ሲዋሽ በምን አፌ እቆጣዋለሁ?

አባት (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ የውጭ ኩባንያ ስለ ልጄ እውነቱን እንዲያውቅ ማን መብት ሰጠው? እኔ ስሙንም ዕድሜውንም ቀይሬ ነው የምሞላው።

አባት (ሸዋ በር)፦ ልጁ አጠገብዎ ቆሞ እያየ? «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭነው የገቡበት ውል እኮ ነው።

እናት (ፒያሳ)፦ ቤት ውስጥ «ማሙሽ» ብለን የምንጠራው ልጅ አለን፤ ዋሻችሁ ያለን የለም። ይልቅ ለ9 ዓመት ልጅ ስልክ መስጠቱ ራሱ ተገቢ ነው ወይ?

አባት (ኮምቦልቻ)፦ እኛ ብንከለክለው ጌም ቤት ገብቶ ይጫወታል።

መልስ፦ ስልክ ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። ስለ ስሙ የፒያሳዋ እናት ልክ ናቸው፤ ለሌሎች ተጫዋቾች የሚታየው የመጫወቻ ስም ቅጽል ስም ነው፤ ኩባንያውም የሚጠብቀው ይህንኑ ስለሆነ በማንም ላይ የተዋሸ ነገር የለም። የእኛ ሙሉ ስም ደግሞ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም አንድ ላይ ይዟል፤ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ከተማ ይህን የሰማ ሰው የልጁን ቤት ለማግኘት ሁለት ሰው ቢጠይቅ ይበቃዋል። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የሰፈሩን ስም፣ የልደት ዓመቱንም ከመጫወቻ ስሙ ጋር አታያይዙ። ግዴታ ያልሆነ ሣጥን ባዶውን ይቀመጥ።

ዕድሜን መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። ስምን መሸሸግ ልጁን ይሸፍነዋል፤ ዕድሜን ማሳደግ ልጁን ያጋልጠዋል። ጌሙ ለዕድሜው ካልተፈቀደ «ጥቂት ዓመት ጠብቅ» ማለት የወላጅ ሥራ ነው። አንድ የ11 ዓመት ተማሪ «ጋሼ፣ 18 ነኝ በል ያለኝ አባዬ ነው» ብሎ ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም ነበር። ልጆች የምናስተምራቸውን ነገር በደንብ ያውቁታል።

ጥያቄ (አባት፣ ሮቢት)፦ ልጄ 2006 ነው የተወለደው። የትኛውን ዓመት ልጻፍ?

መልስ፦ ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከላይ ያለውን ሳያነቡ የሚጠይቁ ሰዎች የሌሎችን ጊዜ ይወስዳሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር። እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ይደምሩ።

ጥያቄ (እናት፣ ኮምቦልቻ)፦ ጌም ለልጆች ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

መልስ፦ ስለ የትኛው ጌምና ስለ ስንት ዓመት ልጅ እንደሚጠይቁ ሳይነግሩኝ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ (ታላቅ ወንድም፣ ደሴ)፦ ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም የፍሪ ፋየር ጌም ዳይመንድ (በጌሙ ውስጥ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ) እንሞላለን ለሚሉ ሰዎች ፓስወርዱን ሰጠ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አሁኑኑ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ አካውንቱ የተያያዘበትን የጂሜይል ወይም የፌስቡክ ፓስወርድ ጭምር። ዳይመንድ ለመሙላት የሚያስፈልገው የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ፓስወርድ የሚጠይቅ ሰው ሊሞላ ሳይሆን ሊወስድ የመጣ ነው። በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አይሰጥም። «ዕድሜህን እናረጋግጥ» ብሎ የፋይዳ መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ለሚጠይቅም አትላኩ።

ጥያቄ (አባት፣ ደሴ)፦ በአገራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሕግ አለ?

መልስ፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ትርጓሜውን የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ (እናት፣ ሆጤ)፦ በምክርዎ መሠረት በትክክለኛው ዓመት አዲስ አካውንት ጀመርን። አሁን የወላጅ ኢሜይል ይጠይቃል። የታላቅ ወንድሙን ልጻፍ?

መልስ፦ የራስዎን ይጻፉ። ከሌለዎት ዛሬ ይክፈቱ፤ በሞባይል ቤት ሳይሆን በራስዎ እጅ። የፈቃድ መልእክቱ ሲደርስዎ ልጁን አጠገብዎ አስቀምጠው አብራችሁ አንብቡት፤ ምን እንደፈቀዱለትና ምን እንዳልፈቀዱለት በዓይኑ ይይ።