ሦስት ኪሎ ተኩል ቀንሶ ደስ መሰኘት ይገባል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂዋ እህታችን ከ88 ኪሎ ተነስተው 20 ኪሎ ለመቀነስ እንዳቀዱ፣ በሁለት ወር የቀነሱት ግን 3 ኪሎ ተኩል እንደሆነ፣ እርስዎ ደስ ቢልዎትም የቤትዎ ሰዎች «ለዚህች ነው እንዴ?» እያሉ እንደሚስቁ ጽፈዋል፤ ደስታውን ምን አድርጌ ላክብረው ሲሉም ጠይቀዋል። እኔም የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፣ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁና ያየሁትን ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ 20 ኪሎውን ለጊዜው ይተዉት። ከሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ሲቀንስ የደም ግፊትና የደም ስኳር ብዙውን ጊዜ መሻሻል ይጀምራሉ። የ88 ኪሎ 5 በመቶ 4 ኪሎ ከ400 ግራም ነው፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ደረጃ የቀረዎት 900 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። በሳምንት 400 ግራም ገደማ መቀነስም የሚያሳፍር ፍጥነት አይደለም። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ክብደቱ ሲወርድ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ።

በእኛ አካባቢ ከምግቡም ከእግር ጉዞውም ይልቅ የሚከብደው አብሮ ደስ የሚለው ሰው ማጣት ይመስለኛል። «ተመችቶሻል» ምስጋና በሆነበት አገር ፊትዎ ሲሳሳ የሚገጥምዎት «ምነው ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። አንዲት የሰንበቴያችን እናት ክንዴን በጣቶቻቸው ከበው ከያዙ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሐኪም ቤት ሄደሻል?» ብለውኛል። ስጋታቸው ከልብ ነበር፤ እኔ ግን ለውጡ በሌላ ሰው ዓይን መታየቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነውና ቤቴ የገባሁት እየሳቅሁ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ለማስረዳት አይድከሙ፤ ዕቅዱን ከሥሩ ለሚያውቅ አንድ ሰው፣ ለእህት ወይም ለጎረቤት፣ በየሳምንቱ መንገር ይበቃል።

ወደ አከባበሩ ስንመጣ፣ ደስታችን ሁሉ በመሶብ በኩል ካላለፈ ደስታ አይመስለንም፤ ዶሮው ይሠራል፣ ጠላው ይቀዳል፣ አረቄውም አይቀርም፣ «በሞቴ» ተብሎ ከተጎረሰ በኋላ እምቢ ማለት ደግሞ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ዘይት የጠገበ የጾም ወጥ እንኳ እንደምናስበው ቀላል አይደለም። ከምግቡ መከልከል አያስፈልግም፤ ምግቡን ሽልማት ማድረግ ግን ቢቀር ይሻላል። እኔ የሰፋኝን ቀሚስ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አስጠብቤዋለሁ፤ ሰፊው ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ እየያዘ «ይህን ያህል ልቁረጠው?» ሲለኝ የተሰማኝን ደስታ የትኛውም ድግስ አልሰጠኝም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከእህቴ ጋር አንኮበር ሄደን፣ ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ኮረብታ በእግራችን ወጣን። ዳገቱ እንደ ድሮው ያስተነፍሳል፣ ሆኖም እየወጣን ማውራት ችለናል።

መለኪያዎን ማብዛትም ይጠቅማል። ሚዛን በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ በተጠጣው ውኃ፣ በጨውና ገና ባልተፈጨ ምግብ ምክንያት ከአንድ ኪሎ በላይ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ በወር አበባ ሰሞንም ይጨምራል። የከተማችን ብርድ ደግሞ የራሱን ይጨምራል፤ ሹራብና ጋቢ ደርቦ መንገድ ዳር ካሉት የሚዛን ልጆች ዘንድ የተመዘነ ሰው ልብሱንም አብሮ መዝኗል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ፣ በአንዱ ሚዛን ብቻ ይመዘኑ። ከዚህ በላይ የማምነው ግን መቀነትን ነው። እምብርት አካባቢ፣ ትንፋሽ ካወጡ በኋላ፣ ሳያጠብቁ አንድ ዙር ያዙሩትና የሚገናኝበትን ቦታ በክር ምልክት ያድርጉበት፤ በወሩ ክሩ ወዴት እንደሄደ ያያሉ። በቁጥር ማወቅ ከፈለጉ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሴቶች የወገብ ዙሪያ ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ የጤና ስጋቱ እንደሚጨምር፣ ከ88 ሲያልፍ ደግሞ በጣም እንደሚከፋ ያስቀምጣል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው የበዓል ማግሥት ሚዛን ነው። ከ55ቱ ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ማግሥት የተመዘነች ጎረቤቴ ሁለት ኪሎ ጨምራ ስላገኘችው «የሁዳዴው ድካም ሁሉ ገደል ገባ» ብላ ልትተወው ነበር። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ግን ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ መብላት ይጠይቃል፤ በአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ስብ መጨመር የሚሆን አይደለም፣ አብዛኛው ውኃና ያልተፈጨ ምግብ ነው። ስለዚህ ከበዓል በኋላ ወደ ተለመደው ገበታዎ ተመልሰው ሳምንት ያህል ሳይሞላ ሚዛን ላይ አይውጡ።