ቀን ደመወዝ፣ ማታ ኡበር፦ የ1099-ኬው ቁጥር ለምን በዛ?

ጤና ይስጥልኝ፣

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ በጥገና ክፍል እሠራለሁ፤ የዓመት ደመወዜ 58,000 ዶላር ነው። ባለቤቴ 38,000 ታገኛለች፤ ታክስ የምናስገባው አብረን ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ማታ በራሴ መኪና ኡበር እነዳለሁ። ሰሞኑን 1099-ኬ የሚባል ወረቀት ደረሰኝ፤ 24,600 ዶላር ይላል። ባንክ የገባልኝ ግን 16,400 ብቻ ነው። እጄ ላልገባ ገንዘብ ታክስ ልከፍል ነው? ታክስ የሚሠራልን ሰው «ይቺን ወረቀት ተዋት፣ ሪፈንድህን ትበላብሃለች» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የቤንዚን ደረሰኝ ሰብስብ ይለኛል፤ ግማሹን ጥዬዋለሁ። በግምት 12,000 ማይል ነድቻለሁ፤ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን ግን አልመዘገብኩም። ምን ይሻለኛል?

የዓርብ ማታው ሹፌር

መልስ

ወረቀቷን መተው አይቻልም፤ ለእርስዎ የተላከችው ኮፒ ለአይአርኤስም፣ ማለትም ለፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ተልካለች። ፋይልዎ ላይ ካልታየች፣ ወራት ቆይቶ ሲፒ-2000 የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው የሚያውቀው 24,600ውን እንጂ የመኪና ወጪዎን አይደለም፤ ስለዚህ የሚጠይቅዎት ከሚገባው በላይ ነው። ወረቀት ባይመጣም ገቢው መነገር አለበት። በፌዴራሉ ደንብ አፖቹ 1099-ኬ የሚልኩት ከ20,000 ዶላርና ከ200 ጉዞ ሲያልፍ ነው፤ ይህ የእነሱ የመላክ ግዴታ እንጂ ታክስ የሚጀምርበት ጣሪያ አይደለም። ከወጪ ቀሪ ትርፍዎ 400 ዶላር ከደረሰ፣ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ የሚባለውን፣ የግል ሠራተኛ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ክፍያ፣ መክፈል ይጀምራሉ።

ልዩነቱ 8,200 ዶላር የት ሄደ? ተሳፋሪው የከፈለው ሙሉ ሂሳብ ነው 24,600 ሆኖ የተጻፈው። አፑ የቆረጠው ኮሚሽንና ክፍያ በውስጡ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፦ ወይ ባንክ የገባውን ብቻ ይጽፋል፣ ቁጥሩም ከአይአርኤስ ጋር አይገጥምም፤ ወይ 24,600ውን ጽፎ ምንም ሳይቀንስ ያልፋል። እርስዎ ሼጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ መስመር 1 ላይ 24,600፣ መስመር 10 ላይ ኮሚሽኑን 8,200 ይጽፋሉ። ኮሚሽኑ ተዘርዝሮ የሚገኘው አፑ ውስጥ ባለው የዓመት ታክስ ማጠቃለያ ላይ ነው፤ ያውርዱና ያስቀምጡት።

ቤንዚኑን በተመለከተ፣ የጣሉት ደረሰኝ አያስቆጭም። ለመኪና ከሁለት መንገድ አንዱን ነው የሚመርጡት፤ ወይ ትክክለኛ ወጪ፣ ወይ በማይል ተመን። የ2025 ተመን 70 ሳንቲም ነው፤ 12,000 ማይል 8,400 ዶላር ይሆናል። ማይል ከመረጡ ቤንዚን፣ ጥገና፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ ሁሉ በ70ው ሳንቲም ውስጥ ነው፤ ሁለቱን መደረብ ክልክል ነው። ለሥራው የተከፈለ ቶልና ፓርኪንግ ብቻ ለብቻው ይጨመራል። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ መኪናው የራስዎ ከሆነ የማይል ተመኑን መምረጥ ያለብዎት ለሥራ ባዋሉበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ያውም እስከ ማስገቢያው ቀን ድረስ ነው። ዘንድሮ ካለፈዎት በዚያው መኪና በኋላ ልመለስ ቢሉ አይሆንም።

አሁን ወደ ጎደለው ምዝገባ። ሼጁል ሲ ክፍል 4 ላይ ማስረጃ አለዎት ወይ፣ ካለስ የተጻፈ ነው ወይ ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል። ስለዚህ በግምት 12,000 ብሎ መጻፍ አያዋጣም። አፑ ውስጥ የጉዞ ታሪክዎ ቀንና ሰዓት ይዞ ተቀምጧል። የኦይል ቼንጅ ደረሰኝና የቨርጂኒያ ኢንስፔክሽን ወረቀት ላይ ደግሞ ኦዶሜትሩ (የማይል ቆጣሪው) ከነቀኑ ተጽፏል። እነዚህን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው የሦስቱን ወር በየማታው ይጻፉት፤ ማስረጃ ያላገኙለትን ማታ ይተዉት። አፑን ከፍተው ጥሪ እየጠበቁ የነዱት፣ ተሳፋሪ ለማንሳት የሄዱበት፣ ጭነው የሄዱበት ይቆጠራል። ከቤት ሆቴሉ ድረስ ያለው ግን ፈጽሞ አይቆጠርም።

እንግዲህ 12,000ው በማስረጃ ከቆመ፣ ቶል 260 ዶላር፣ ለሥራው የዋለው የስልክ ድርሻ 240 ዶላር ነው እንበል። ከ16,400 ላይ 8,400፣ ከዚያ 500 ሲቀነስ ትርፍዎ 7,500 ዶላር ነው። ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ በሼጁል ኤስኢ ይሰላል፦ የ7,500ው 92.35 በመቶ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 1,060 ዶላር ገደማ። ምንም ሳይቀንሱ በ24,600ው ላይ ቢያስቡት 3,476 ይሆን ነበር። የ1,060ው ግማሽ፣ 530፣ ከገቢ ይቀነሳል። ከቀሪው ትርፍ ላይ ደግሞ ለግል ሥራ የተፈቀደው የ20 በመቶ ቅናሽ በፎርም 8995 ይነሳል። የተረፈው 5,576 ዶላር በእናንተ ደመወዝ 12 በመቶ ነው የሚከፈልበት፤ 669 ዶላር። ፌዴራሉ በድምሩ 1,729 ገደማ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ 400 ገደማ። ቲፕ ካለዎት በሼጁል 1-ኤ ከገቢ ግብሩ ይቀነሳል፣ ከ15.3 በመቶው ግን አያመልጥም፤ እኔ እዚህ አላስገባሁትም።

ታክስ የሚሠራልዎ ሰውዬ ወረቀቷ ሪፈንድዎን ትበላለች ያለው ስለዚህ ውሸት አይደለም፤ ምክሩ ነው የተበላሸው። ስህተቱን የሚጠየቁት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ። ፎርሙ ላይ የራሱን ስምና ፒቲን ቁጥር (አይአርኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን መለያ) ጽፎ ካልፈረመ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ቅጣት ይኖር ይሆን? የ2024 ፎርም 1040 መስመር 24 ላይ ያለውን ጠቅላላ ታክስ ይዩ። በ2025 ከሁለታችሁ ደመወዝ የተቆረጠው የፌዴራል ታክስ ያንን ያህል ከሞላ፣ ወይም መጨረሻ ላይ የሚቀርብዎት ዕዳ ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ፣ በየሩብ ዓመቱ አልከፈልክም ተብሎ አይቀጡም። ገንዘቡ ባይኖርዎትም እስከ ኤፕሪል 15 ፋይል ያድርጉ፤ ያለማስገባት ቅጣት በወር 5 በመቶ፣ ያለመክፈል ግን ግማሽ በመቶ ነው። ለቨርጂኒያ እስከ ሜይ 1 ጊዜ አለ።

ለ2026 በየሩብ ዓመቱ በ1040-ኢኤስ ቅጽ ታክሱን ቀድሞ መላክ ይቻላል፤ ደመወዝ ላለው ሰው ግን የሚቀለው ሌላ ነው። ለሆቴሉ አዲስ ደብልዩ-4 (ከደመወዝ የሚቆረጠው ታክስ የሚወሰንበት ቅጽ) ሰጥተው መስመር 4(ሲ) ላይ ከየክፍያው ተጨማሪ 70 ዶላር እንዲቆረጥ ያስጽፉ፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈልዎ ከሆነ በዓመት 1,820 ይሆናል። በቪኤ-4፣ በቨርጂኒያው ተመሳሳይ ቅጽ፣ ላይም ለስቴቱ 16 ዶላር ያስጨምሩ። ከደመወዝ የተቆረጠ ታክስ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ ዘግይተው ቢጀምሩም ቁጥሩን ከፍ አድርገው ማካካስ ይችላሉ። የ2026 የማይል ተመን 72.5 ሳንቲም ሆኗል፤ የዛሬውን ኦዶሜትር ፎቶ አንስተው ይጀምሩ።