ተቆጣጣሪው አንቀጽ ሳይጠቅስ «አስተካክል» ቢለኝስ?

ጥያቄ፦ የራሴን መኖሪያ ቤት እያሠራሁ ነው። የሕንፃ ተቆጣጣሪው መጥቶ አየና «ደረጃው ስታንዳርድ አይደለም፣ ይስተካከል» ብሎ ጽፎ ሄደ። የትኛው ስታንዳርድ እንደሆነ፣ በስንት እንደተሳሳትን ምንም አልጻፈም። አንቀጹን ልጠይቀው አስቤ ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ። ኮንትራክተሬም «ከሰውየው ጋር እልህ አትጋባ፣ አፍርሰን እንሥራው» ይለኛል። መጠየቅ መብቴ ነው ወይስ ድፍረት?

መልስ፦ ጠይቅ ወንድሜ፣ ምን ድፍረት አለው? የኮንትራክተርህን ምክር ግን ለጊዜው ተወው። አፍርሳችሁ በስንት ልትሠሩት ነው?

እስቲ ያንኑ ደረጃ እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የመኖሪያ ቤቶች ኮድ የአንዱ እርከን ከፍታ ከ196 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ መርገጫው ደግሞ ከ254 እንዳያንስ ይላል። በዚያ ላይ በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉት እርከኖች ከፍታቸው ከ9.5 ሚሊሜትር በላይ መለያየት የለበትም። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሲሆን ደግሞ ሌላ ኮድ አለ፤ እሱ ከፍታውን ወደ 178 ያወርደዋል፣ መርገጫውን ወደ 279 ይጨምረዋል። እና ያንተ ሰውዬ «ስታንዳርድ አይደለም» ሲል ከእነዚህ የቱን ማለቱ ነው? ሁሉም እርከን ከፍ ብሎ ከሆነ ደረጃው በሙሉ ሊፈርስ ይችላል። የመጀመሪያዋ ወይም የመጨረሻዋ እርከን ብቻ ከሌሎቹ ተለይታ ከሆነ ግን (የወለል ንጣፍ ውፍረት ቀድሞ ሳይታሰብ ሲቀር የሚመጣ ጣጣ ነው) ያቺን ብቻ ማስተካከል ይበቃ ይሆናል። በዚያ ኮድ የ2021 (እ.ኤ.አ.) እትም «አር311.7.5.1» ቢልህ የከፍታ ጉዳይ መሆኑን ታውቃለህ፣ «አር311.7.5.2» ቢልህ የመርገጫ። በጨረፍታ የምታየው ነገር ነው፤ ያለ እሱ ግን በግምት አፍርሰህ በግምት ትሠራለህ፣ ከዚያ ሌላ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሌላ ነገር ይልሃል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በጽሑፍ የሚሰጥ ጥሰት አንቀጽ ሊኖረው ይገባል። ይግባኝ ማለት ብትፈልግ እንኳ ምን ብለህ ትከራከራለህ? «ስታንዳርድ አይደለም» ከሚል ቃል ጋር መሟገት አይቻልም። የኮዱ የስንት ዓመት እትም እንደሆነም ይጻፍልህ። እነዚህ ኮዶች በየ3 ዓመቱ ይታደሳሉ፣ አንተ ደግሞ የምትዳኘው ብዙውን ጊዜ ፈቃድ ባወጣህበት ወቅት በሚሠራው እትም ነው።

ግን ሰውየውንም አትጫነው። የሚናድ ጉድጓድ ውስጥ ሠራተኛ ቆሞ ካየ መጀመሪያ «ውጡ!» ነው የሚለው፣ አንቀጹ ኋላ ይደርሳል። እየተዘዋወረ በቃል የሚናገረውንም ሁሉ ቁጥር አምጣ ማለት ሥራ ማስፈታት ነው። ደግሞ ጥሰት ሁሉ የኮድ ጥሰት አይደለም። ኮዱን ብታሟላም ከጸደቀው ፕላን ውጪ ከሠራህ አጥፍተሃል፤ ያኔ የሚጠቀሰው የፕላኑ ገጽ ነው። ኮዱም ፕላኑም ላይ የሌለ ነገር ከሆነ ግን ምክር ነው። ምክሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ልትቀበለውም ትችላለህ፣ ጥሰት ተብሎ ሊጻፍብህ ግን አይገባም።

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ብልህ ሁን። «የት ነው የተጻፈው?» ካልከው ይቆጣል፣ እኔም ብሆን እቆጣለሁ። «ሁለቴ እንዳላፈርስ የትኛውን አንቀጽ ልመልከት?» በለው። በዚህ የሚቀየም ተቆጣጣሪ ከሆነ ጥያቄህን በጽሑፍ ለቢሮው አስገባ፣ መልስ እስኪመጣም መዶሻ አታንሳ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ወገን ነኝ፣ ተቆጣጣሪ ነኝ። በቀን ብዙ ሳይት ነው የማየው። ለእያንዳንዱ ነገር አንቀጽ ልፈልግ ብል ሥራው መቼ ያልቃል? ተሳስቼ ሌላ ቁጥር ብጽፍስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ በየሳይቱ የሚደጋገመው ጥፋት ያው ነው፦ ደረጃ፣ የበረንዳ መከለያ፣ የእጅ መደገፊያ፣ ፌሮ ላይ የሚያንስ የኮንክሪት ሽፋን። የእነሱን አንቀጾች አንድ ገጽ ላይ አውጥተሽ ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪ፣ አብዛኛው ሥራ በዚያው ያልቃል። መጽሐፍ የሚያስገልጥሽ አልፎ አልፎ የሚመጣው ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ መሄድም ያው ጨለማ ነው። «የሁለተኛ ፎቅ በረንዳ፣ መከለያው 850 ሚሊሜትር፤ በመኖሪያ ቤቶች ኮድ የ2021 (እ.ኤ.አ.) እትም አር312.1.2 መሠረት ከ914 ማነስ የለበትም» ብትዪ ፎርማኑ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራውን ይጀምራል። ቁጥር ከተሳሳትሽ አርመሽ፣ የታረመበትን ቀን ጽፈሽ እንደገና ስጪው፤ የመጀመሪያውንም ከፋይሉ አታውጪው።