ለፀሐይ ኃይል ብድር ሲጠየቅ የባንክ ነገረ ፈጅ መጀመሪያ የሚያየው

እህታችን ከጎንደር የጠየቅሽው፣ ደምቢያ ላይ ለሚተከል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የብድር ፋይል ቀርቦልሽ፣ መያዣው አዘዞ ያለ ሕንፃ ስለሆነ የሕግ አስተያየቱን ከካርታው ልጀምር ወይ ብለሽ ነው። ከካርታው አትጀምሪ። ብድሩን የሚከፍለው የሚሸጠው ኤሌክትሪክ ነውና መጀመሪያ ተበዳሪው ኤሌክትሪኩን ለሚገዛው ድርጅት የሚሸጥበትን የኃይል ግዢ ስምምነት ከዳር እስከ ዳር አንብቢ።

ጣቢያው አልቆ የገዢው መስመር ካልደረሰ ማን ይከፍላል? ውሉ ለተዘጋጀው ኃይል ክፍያ ካላስቀመጠ ገቢ ሳይኖር ወለድ ይቆጥራል። ቀኖቹንም ጎን ለጎን አድርጊ፦ ገዢው ኃይሉን በ18 ወር ጠይቆ ተቋራጩ የፈረመው ለ20 ወር ከሆነ፣ የሁለቱ ወር ቅጣት ከተበዳሪው ኪስ ይወጣል። የተቋራጩ የመዘግየት ካሳ ከዚያ ቅጣት እንዳያንስ።

ውሉን ያለ ገዢው ፈቃድ ማስተላለፍ የሚከለክል አንቀጽም አይጠፋም። ስለዚህ ባንኩ ውሉን በዋስትና መያዝ እንዲችል ገዢው፣ ተበዳሪውና ባንኩ የሦስትዮሽ ስምምነት ይፈርሙ፤ ክፍያው ባንኩ በሚቆጣጠረው ሂሳብ ብቻ ይግባ፤ ተበዳሪው ቢያጠፋ ገዢው ውሉን ከማቋረጡ በፊት ለባንኩ አሳውቆ የማረሚያ ጊዜ ይስጥ። ይህን የብድሩ ገንዘብ መጀመሪያ ለሚለቀቅበት ቅድመ ሁኔታ አድርጊው። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ገዢውን ላስፈርም ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የክፍያ ሠንጠረዡ ክረምትን ይቁጠር። ደመናው ሲከብድ ምርቱ ይወርዳል፤ እኩል የተከፋፈለ ክፍያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተበዳሪውን ያንቃል። የ6 ወር ዋናና ወለድ የሚይዝ የመጠባበቂያ ሂሳብ ጠይቂ።

አሁን ወደ ካርታው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3058 የመያዣ ምዝገባ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው። ብድሩ 12 ዓመት ከሆነ ሳያልፍ መታደስ አለበት፤ ቀኑን የብድር ክትትል ክፍሉ ይመዝግበው፣ ሰው ሲቀያየር የሚረሳው ይህ ነው። ፓነሉ፣ ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኃይል ለመስመር የሚስማማ አድርጎ የሚቀይረው መሣሪያ)፣ ባትሪውና ከኃይል ሽያጩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ ይግቡ። ከመመዝገብሽ በፊት በተበዳሪው ስም ቀድሞ የገባ ዋስትና ካለ ፈልጊ፤ የዕቃዎቹን መለያ ቁጥርም ጻፊ፣ አለዚያ በሽያጭ ጊዜ የቱ ፓነል የማን እንደሆነ ክርክር ይነሳል።

መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በእጅ ያለው የመጠቀም መብት ብቻ ነው፤ ዘመኑ ከብድሩ ማብቂያ ይለፍ። የኃይል ማመንጨት ፈቃዱ በእናት ድርጅቱ፣ የኃይል ግዢ ስምምነቱ ለጣቢያው በተቋቋመ አዲስ ኩባንያ ስም ከሆነ ደግሞ ሳይስተካከል አትፈርሚ፤ የጎደለውን ሰነድ ስሙን ጠርተሽ አስተያየትሽ ላይ አስፍሪ።